ባለ ረጅም ዙም ካሜራ ለመግዛት ላሰበችው ልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የደብረ ብርሃን ብርድ የእናትሽን ጉልበት ትንሽ ከማስቸገሩ በቀር ከናፍቆትሽ ሌላ የጎደለብን የለም። ከደመወዝሽ ቆጥበሽ ለመንገድም ለዘወትርም የሚሆን ካሜራ ልትገዢ መሆኑን፣ ሻጩም አንዱን ባለ 125 እጥፍ፣ ሌላውን ባለ 83 እጥፍ፣ ያገለገለውን ደግሞ ባለ 16 እጥፍ ብቻ ነው ብሎ እንዳሳየሽና ልብሽ ወደ ትልቁ ቁጥር እንዳዘነበለ ነግረሽኛል። በስልክ መልስ ብሰጥሽ ግማሹ ይረሳል፤ ዕድሜዬን በፎቶ ቤት ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንሁ አሳቤን በጽሑፍ ላሰፍርልሽ መረጥሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልንገርሽ፦ እንደ አንቺ ላለ ሰው የሚበጀው ባለ 16 እጥፉ ነው። ነገር ግን አባቴ ስላለ ብቻ አትቀበዪው፤ ምክንያቱን አንድ በአንድ አንብበሽ ካላሳመነሽ የራስሽን አድርጊ።

በመጀመሪያ ሻጮች የሚጠሩት የእጥፍ ቁጥር ካሜራው ምን ያህል ርቀት እንደሚያቀርብ አይናገርም። የሌንሱ ረጅሙ ልክ ለአጭሩ ልክ ሲካፈል የሚገኝ ውጤት ነው፤ ልክ የምልሽ በሚሊ ሜትር የሚነገረውን የሌንሱን የትኩረት ርቀት ነው፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል። ኒኮን ኩልፒክስ ፒ1000 ከ24 ሚሊ ሜትር ተነሥቶ እስከ 3000 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ 125 እጥፍ ተባለ፤ ፒ950 በ2000 ሚሊ ሜትር ስለሚያበቃ 83 እጥፍ ሆነ። ያገለገለው ፓናሶኒክ ኤፍዜድ1000 ደግሞ ከ25 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ነው። እነዚህ ልኮች ሁሉ እኛ በምናውቀው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ተመን የተሰሉ ናቸው፤ በእኔ ጊዜ የነበረው ተራ ሌንስ 50 ሚሊ ሜትር እንደነበረ ካስታወስሽ 400 ራሱ ምን ያህል እንደሆነ ይገባሻል። ስለዚህ ሻጩ እጥፍ ሲልሽ አንቺ ከስንት እስከ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ጠይቂው። ዲጂታል ዙም የሚባለውን ቁጥር ደግሞ ከነጭራሹ አትቁጠሪው፤ እርሱ ሥዕሉን ከመሃል ቆርጦ ከማስፋት በቀር ምንም አዲስ ነገር አያመጣም፤ ያንን ቤት ገብተሽ በኮምፒውተር ልታደርጊው ትችያለሽ።

አሁን ሚሊ ሜትሩን ወደ መሬት እናውርደው። ባለፈው ወደ መንዝ ጓሳ ሄደሽ ቀይ ቀበሮ ማንሣት እንደምትፈልጊ ነግረሽኛልና በእርሱ እንሥራው። የፊልሙ ወርድ 36 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ 36ን በሌንሱ ልክ አካፍለሽ በርቀቱ ብታባዢው ሥዕሉ ውስጥ የሚገባውን ወርድ ታገኚያለሽ። ቀበሮው በ100 ሜትር ላይ ቢቆም ባለ 2000 ሚሊ ሜትሩ 1 ሜትር ከ80 ያህል ወርድ ያሳይሻል፤ ማለትም 1 ሜትር ያህል የሚረዝመው ቀበሮ ከሥዕሉ ከግማሽ በላይ ይይዛል። ባለ 400 ሚሊ ሜትሩ ግን 9 ሜትር ወርድ ያሳያል፤ ቀበሮው ከመሃል ትንሽ ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ ትልቁ ቁጥር እንደሚያሸንፍ አልክድም። ሆኖም ባለ 20 ሜጋፒክስሉን የኤፍዜድ1000 ሥዕል ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ብትቆርጪው 5 ሜጋፒክስል ይቀርሻል፤ ይህም በደህና ጥራት 15 በ23 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ይታተማል። በፎቶ ቤት ስንት ዘመን በግድግዳ የሚሰቀል ሥዕል አትሜ አውቃለሁ፤ ደንበኛ ከዚህ የሚበልጥ የሚጠይቀው ለሠርግና ለሞተ ወላጅ መታሰቢያ ነው። የጭላዳ ዝንጀሮ ነገር ደግሞ ቀበሮውን አይመስልም። ጭላዳ ሣር እየነጨ በመንጋ የሚውል፣ ሲመሽ ወደ ገደሉ የሚወርድ እንስሳ ነው፤ ሰው የለመደው መንጋ በእርጋታ ለቀረበው ብዙ አይሸሽም። ለእርሱ 400 ሚሊ ሜትር ይተርፋል፤ የደረቱን ቀይ ቆዳና የጎፈሩን ጠጉር አንድ በአንድ ታወጪዋለሽ።

ዋናው ጉዳይ ብርሃን ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዲጂታል ካሜራ የፊልሙን ሥራ የሚሠራው ሴንሰር ነው። ሁለቱ ኒኮኖች ያላቸው ሴንሰር ወርዱ 6.2፣ ቁመቱ 4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከትንሽ ጣትሽ ጥፍር የማይበልጥ ማለት ነው። ሌንሱን ወደ 3000 ማድረስ የተቻለውም ሴንሰሩ ይህን ያህል ስላነሰ ነው፤ ለትልቅ ሴንሰር ያን የሚያህል ሌንስ ቢሠራ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ባልተገኘ። የኤፍዜድ1000 ሴንሰር፣ ባለ 1 ኢንች የሚባለው፣ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በስፋት አራት እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ላይ ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ ጨምሪበት፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። የፒ1000 ቀዳዳ በ3000 ሚሊ ሜትር ላይ ኤፍ 8 ነው፣ የፒ950 በ2000 ላይ ኤፍ 6.5፣ የኤፍዜድ1000 ግን በ400 ላይ እንኳ ኤፍ 4 ነው። ኤፍ 4 ከኤፍ 8 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ፒ1000ን የተካው ፒ1100 እ.ኤ.አ. በ2025 ሲወጣም ያው ትንሽ ሴንሰርና ያው ሌንስ ነው የያዘው፤ ስለዚህ «አዲስ ነው» የሚለው ቃል በዚህ ረገድ የሚለውጠው ነገር የለም።

ይህ ለአንቺ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርሽ። አንቺ የምታነሺው በአመዛኙ ቀትር ላይ የቆመ ነገር አይደለም። ለሥራ ከወረዳ ወረዳ ስትዞሪ ማለዳ ተነሥተሽ ማታ ትደርሻለሽ፤ ለጥምቀት ስትመጪ ታቦቱ ባደረበት በሌሊቱ ጸሎትና በንጋቱ ላይ ነሽ፤ ክረምት የመጣሽ እንደሆነ የአንኮበር ጉም ቀኑን ሙሉ አይገለጥም። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ወይ ሻተሩን፣ ማለትም ለብርሃን የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መጋረጃ፣ ያዘገያል፣ ወይ አይኤስኦውን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ ያደርጋል። ሻተሩ ሲዘገይ ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ አይኤስኦው ከፍ ሲል ትንሹ ሴንሰር ሥዕሉን አሸዋ የተነሰነሰበት ያስመስለዋል፤ የነጭ ነጠላ ጥልፍና የካህናት ጥላ ወርቀ ዘቦ ሁሉ ይጨፈለቃል።

የእጅም ነገር አለ። የድሮው ደንባችን የሻተሩ ፍጥነት ቢያንስ ከሌንሱ ልክ እኩል ይሁን ይላል፦ ለ400 ሚሊ ሜትር የሰከንድ 1/400ኛ፣ ለ2000 የሰከንድ 1/2000ኛ። በዘመኑ ካሜራ ውስጥ ያለው የመንቀጥቀጥ መከላከያ ከዚህ እጅግ ዝቅ ብለሽ እንድትሠሪ ያስችላል፤ ይሁንና የሚከላከለው የእጅሽን መንቀጥቀጥ እንጂ የሚሮጠውን ቀበሮ ወይም በነፋስ የሚወዛወዘውን ቅርንጫፍ አይደለም። በ2000 ሚሊ ሜትር ላይ ደግሞ የጣርማ በር ነፋስ ራስሽን ሲያንገላታሽ የምትፈልጊውን ነገር በመመልከቻው ውስጥ ማግኘቱ ራሱ ሌላ ሥራ ነው። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ይዤ እሄዳለሁ ካልሽ እሺ፤ ግን ሁለት ጊዜ ተሸክመሽው በሦስተኛው ቤት ትተሽው እንደምትሄጂ አውቅሻለሁ።

አየሩን ደግሞ ማንም ካሜራ አይገዛውም። ከጣርማ በር ሆነሽ ቁልቁል ደብረ ሲናን አልፈሽ የሸዋ ሮቢትን ቆላ በ3000 ሚሊ ሜትር ለማቅረብ ብታስቢ፣ በመካከል ያለው አቧራና ጭጋግ፣ ፀሐይ ስትበረታም ከመሬት የሚነሣው ሙቀት የሚያርገበግበው አየር አብሮ ይቀርባል። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የተነሣ የሩቅ ሥዕል ሌንሱ የቱንም ያህል ቢከብድ የፈሰሰ ይመስላል። ለዚህ መድኃኒቱ ዝናብ አየሩን ካጠበው በኋላ በማለዳ መሄድ ነው፤ በእንዲያ ያለ ማለዳ 400 ሚሊ ሜትር የተደራረበውን ተራራ አጠጋግቶ እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ያሳይሻል።

አጭሩን ልክ አትናቂው። ከጠቅላላው ሥዕልሽ የሚበዛው ከ24 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ እንደሚያልቅ እርግጠኛ ነኝ፦ የቤት ውስጥ ቡና፣ የመንገድ ገበያ፣ የጓደኞችሽ ፊት። ለፊት 80 ወይም 100 ላይ አድርገሽ ሁለት ሜትር ራቅ ብለሽ አንሺ፤ በአጭሩ ልክ ተጠግተሽ ካነሣሽ አፍንጫ ያለ ቅጡ ይገዝፋል፤ ጉርድ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። በረጅሙ ዙም ግን ሰውን ሳያውቅ ከማዶ ማንሣት አልወድልሽም፤ በተለይ በለቅሶ ላይና በጠበል ቦታ። ቀርበሽ አስፈቅጂ፤ እንቢ ካሉሽ ካሜራውን አንገትሽ ላይ ተዪው።

ክብደቱንም ከምርጫው አታውጪው። ፒ1000 ባትሪውን ጨምሮ 1,415 ግራም ነው፣ ፒ950 ከ1 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፣ ኤፍዜድ1000 ደግሞ 831 ግራም ነው። እርሱም ቢሆን ኪስ አይገባም፤ ስለዚህ ለዘወትር ያልሺውን ግማሹን ስልክሽ መሸከሙ አይቀርም። ስልኩ በአጭሩ ልክ፣ በምሽትም ጭምር፣ ሳይንቀሳቀስ ለቆመ ነገር ደህና ሥዕል ያወጣል፤ ካሜራ የሚገዛው ስልኩ ለማይደርስበት ነው።

ልብሽ በእርግጥ ወደ ወፍ ከሆነ ግን ፍርዴ ይገለበጣል። የአንኮበርን ስም የያዘችውንና እ.ኤ.አ. በ1979 በሳይንስ የተመዘገበችውን ያችን ትንሽ ቡናማ ወፍ ከገደል አፋፍ ለማንሣት የሚመጡ እንግዶችን አይተሻል፤ ለእንደዚያ ያለ ነገር 400 አይበቃም፣ ስለዚህ ፒ950ን ግዢ። ፒ1000ን ግን ለማንም አልመክርም፤ የጨመረውን 1000 ሚሊ ሜትር የምትጠቀሚበት ቀን ከስንት አንዴ ነው፤ ክብደቱ ግን የዘወትር ነው። ከሁሉ በላይ ኪስ የሚገባ ከፈለግሽ ደግሞ 242 ግራም የሚመዝነው ሶኒ ኤችኤክስ99 ከ24 እስከ 720 ይደርሳል፤ ሴንሰሩ ትንሹ እንደሆነ አውቀሽ ውሰጂው። ሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4 ባለ 1 ኢንች ሴንሰር ሆኖ እስከ 600 ሚሊ ሜትር በኤፍ 4 ስለሚሄድ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ዋጋው ግን ካሰብሽው እጅግ ስለሚርቅ እንዳትበደሪ ብዬ እንጂ እርሱን ባልሁሽ ነበር።

ያገለገለ ስለምትገዪ በሱቁ ውስጥ የምታደርጊውን ልጻፍልሽ። ካሜራውን ስታበሪው የሚወጣው፣ ዙም ስታደርጊ የሚረዝመው ሌንስ አየር እየሳበ አቧራ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሌንሱ ስለማይወልቅ አቧራው ሴንሰሩ ላይ ካረፈ ባለሙያ ካልፈታው አይወጣም። ስለዚህ ቀዳዳውን አጥብበሽ፣ ሌንሱን እስከ መጨረሻው አርዝመሽ፣ ወደ ጠራ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ አንሺ፤ በስክሪኑ ላይ አስፍተሽ ስታይው ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ተዪው። ቀጥሎ በሩቅ ያለ የማስታወቂያ ጽሑፍ በረጅሙ ልክ አንሺና አራቱም ማዕዘን እኩል መጥራቱን ተመልከቺ፤ አንዱ ወገን ብቻ ከደበዘዘ ካሜራው ወድቆ ሊሆን ይችላል። ዙሙ ሲወጣና ሲገባ ማንጓጓት የለበትም። በዓይን የሚታይበት መመልከቻ መሥራቱንም አረጋግጪ፤ በቀትር ፀሐይ ስክሪን አይታይም። ሥዕልን በሮው፣ ማለትም ሴንሰሩ ያየውን ሳያቀናብር እንዳለ በሚይዝ ፋይል፣ ማስቀመጥ የሚችል መሆኑም ጥሩ ነው፤ በተለመደው በጄፔግ ብርሃን በዝቶበት የነደደ ነጭ ነጠላ መልሶ አይመጣም፣ በሮው ግን ብዙውን ጊዜ ይድናል።

ከተረፈሽ ገንዘብ ሁለተኛ ባትሪ ግዢ። ጓሳ ላይ መሰኪያ አታገኚም፤ ብርድ ደግሞ ባትሪን ቶሎ ያደክማል፤ ትርፉን ባትሪ ከካፖርትሽ ውስጠኛ ኪስ አድርጊው። በውርጭ ማለዳ ውለሽ እሳት ወዳለበት ቤት ስትገቢ ካሜራውን ከቦርሳው ቶሎ አታውጪው፤ ቀዝቃዛ መስታወት የቤቱን እርጥበት ስቦ ላብ ያወጣል፤ እዚያው ተዘግቶ እስኪሞቅ ይቆይ።

ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት በረጅሙና በአጭሩ ልክ ያነሣሻቸውን ሁለት ሥዕሎች ሳታሳንሺ ላኪልኝ፤ ወንድምሽ በኮምፒውተር ከፍቶልኝ እመለከታቸዋለሁ። እናትሽ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሻለች፤ ለጓደኞችሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አባትሽ
ከደብረ ብርሃን