ለአሰልጣኝ ቤንጂ ጊዜ ስጡት

ሰላም ለአዘጋጁ፣ እኔ የምኖረው ሲድኒ ነው፣ የራግቢ ሊግ ክለባችን የዌስትስ ታይገርስ ደጋፊ ነኝ። እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2024 ሶስት አመት በተከታታይ መጨረሻ ወጣን፣ መጀመሪያ አሰልጣኙ ማይክል ማጓየር ተባረረ፣ በ2023 ቲም ሺንስ ያዘው፣ ከዛ ቤንጂ ማርሻል መጣ፣ ታዲያ አንዳንድ ደጋፊ አሁንም "አሰልጣኝ ይቀየር" ሲል ደሜ ይፈላል። ስንቴ ነው የምንቀይረው? አሰልጣኝ በተቀየረ ቁጥር ተጫዋች ይበተናል፣ አጨዋወቱ ይቀየራል፣ ልጆቹ ሳይላመዱ እንደገና ከዜሮ ነው የምንጀምረው። ደግሞ ሊጉ የደሞዝ ጣሪያ፣ ማለትም አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ የሚከፍለው ገደብ፣ ስላለው ብር ስላለህ ብቻ ኮከቦችን መሰብሰብ አትችልም፣ ቡድን ቀስ እያለ ነው የሚሰራው። ለ2025 ተጫዋቹን ጀሮም ሉዋይን ከፔንሪዝ ክለብ አመጣን፣ እሱ አራት ዋንጫ የበላ ልጅ ነው፣ ማሸነፍ ምን እንደሆነ ለወጣቶቹ ያሳያል። ወጣቱ ተጫዋቻችን ላክላን ጋልቪን በአመቱ መሃል ወደ ሌላው ክለብ ቡልዶግስ መሄዱ በጣም ነው ያናደደኝ፣ ቢሆንም በ2025 ከመጨረሻው ቦታ ወጥተናል እኮ! ቤንጂ ማለት ተጫዋች ሳለ በ2005 ፍፃሜ ለቡድን ጓደኛው ለፓት ሪቻርድስ ያንን ኳስ ከኋላው አቀብሎ ዋንጫ ያስበላን ሰው ነው። ቦርዱ እባካችሁ አትንኩት።