ጠፍቼ ጠፍቼ በባትሪ ጉዳይ መጣሁ

ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? ልጆቹስ? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ዛሬ ነገ ስል ነው እዚህ የደረስነው። ይቅርታ! የቀረውን ደውለህ ትቆጣኛለህ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ባይቸግረኝ አሁንም አልጽፍም ነበር። ያቺ ድሮን ትዝ አለችህ? ዳላስ አናትህ ላይ ስትወረወር የነበረችው? ኦሮራ ከገባን ወዲህ ጉልበት ከዳት። ባትሪው ያው፣ ሞተሩ ያው፣ ፕሮፔለሩም ያው። ነገሩ ከፍታው ነው። እዚህ ዴንቨር አካባቢ 1600 ሜትር ላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ፕሮፔለሩ የሚገፋው አጣ ማለት ነው። ከላይ ስትወርድ ጋዝ ብሰጣት ብሰጣት ሣሩን ልትነካ ስትል ነው ነቃ የምትለው።

ባትሪውን ከ1500 ወደ 2200 ሚሊአምፒር-ሰዓት ላሳድገው አልኩና ተውኩት። ክብደቱ በ70 ግራም ያህል ይጨምራል፤ የጨመርኩትን ጉልበት መልሶ ራሱን ሲሸከም ይጨርሰዋል። አንተ ደግሞ "ባለ 6 ሴል ባትሪ ግባ" ትለኛለህ፣ አውቅሃለሁ። የኔ ሞተር 2400 ኬቪ ነው እኮ ጌታው፣ በእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ 2400 ዙር ማለት ነው! 6 ሴል ሞልቶ በሚሰጠው 25.2 ቮልት ጭነት ሳይኖርበት በደቂቃ 60 ሺህ ዙር ሊዞር ነው። ይጨሳል። አራቱንም ሞተር ልቀይር ብል ደግሞ ባለቤቴ እኔን ትቀይረኛለች።

ስለዚህ ልቤ ወደ ፕሮፔለሩ አድልቷል። 5 ኢንቹ እንዳለ ሆኖ ፒቹን፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበትን ርቀት፣ ከ4.3 ወደ 4.8 ኢንች ላድርገው። ከባትሪው ብዙ አምፒር እንደሚስብ አልጠፋኝም። ካረፈች በኋላ ሞተሩን በጣቴ ይዤ መቆየት ካቃተኝ በዛባት ማለት ነው፣ እመልሰዋለሁ። የሚያሰጋኝ ብርዱ ነው። ጠዋት ባትሪውን ብብቴ ሥር አቅፌ ነው ሜዳ የምደርሰው፤ እንዲያም ሆኖ ጋዝ ስሰጥ አንዷ ሴል ከ3.5 ቮልት በታች ትወርድና ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። በዚህ ላይ ትልቅ ፒች ስጨምርበት ይችላል ትላለህ? የኤሌክትሪክ ሰው አንተ ነህ፣ ንገረኝ።

ሌላም... ያን ቀን መኪና ውስጥ ስላልከኝ ነገር... ተወው፣ በስልክ ይሻላል።

እዚያ ባለ 4.8 ፕሮፔለር ካለህ ሙሉውን አራቱን ላክልኝ። ደግሞ ሁለቱ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱ ወደ ግራ የሚዞሩ መሆናቸውን እይ፤ ባለፈው አራቱንም አንድ ዓይነት ልከህልኝ ነበር፣ መሐንዲሱ።