በኪሎ የተሸጠው ትራፓኖ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ከጨረታ ማስታወቂያው ጀምሬ ነው። ጡረታ ከወጣ የእንጨት ሥራ መምህር ሌላ ምን ትጠብቃላችሁ? “ልዩ ልዩ ያገለገሉ ብረታ ብረቶች” የሚል ባየሁ ቁጥር ግን ሆዴ ይባባል።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ወደ አንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ግቢ የበር ማጠፊያ ፍለጋ ገባሁ። ከአልጋ ሽቦና ከዛገ ቆርቆሮ ሥር አንድ ትራፓኖ፣ ማለትም ብረትና እንጨት ቀጥ አድርጎ የሚበሳ ባለ ምሰሶ የመሰርሰሪያ ማሽን፣ በአፍጢሙ ተደፍቶ አገኘሁ። በጎኑ ላይ የንብረት ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። የማን እንደነበረ አውቄአለሁ፤ እዚህ አልጠራውም። የማሽኑን ጠረጴዛ በእጄ ስጠርገው ፑንታ፣ ማለትም የመብሻው ብረት፣ የበሳው ጉድጓድ ሞልቶታል። ቆጠርኩት፤ 17። ሥራውን አልፎ ጠረጴዛውን የበሳ ተማሪ ሁሉ ፊርማውን ትቶ ሄዷል።

“አባባ፣ እሱ ሊቀልጥ የሚጫን ነው” አለኝ ልጁ። 64 ኪሎ መዝኖ እንደማንኛውም ብረት ሸጠልኝ። ሞተሩ ቅርፊቱ ብቻ ቀርቷል፤ መዳቡ ተፈልቅቆ ለብቻው ተሽጧል።

የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ዝገቱንም ያውቃል። ምሰሶውን ሦስት ቀን ናፍጣ እያጠጣሁ በእንጨት መዶሻ ስነካካው ሰነበትኩ፤ በአራተኛው ቀን ተላቀቀ። ዘንጉን ይዘው እንደ ልብ የሚያዞሩትን ባለ ኳስ ቀለበቶች፣ ኩሽኔታዎቹን፣ ሳጸዳ ቁጥራቸው ብቅ አለ፦ 6204። ቁጥሩ የትም አገር አንድ ነው፤ የውስጡ ስፋት 20፣ የውጭው 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር። ከልጆቼ በዕድሜ ለሚበልጥ ማሽን መለዋወጫው ከሞተር ብስክሌት ሱቅ ተገኘ።

ሞተሩ ላይ ተሳሳትኩ። ከተጣለ የውሃ ፓምፕ ያወጣሁትን ገጠምኩለት፤ በደቂቃ 2800 ዙር የሚዞር ነው። ቺንጋውን፣ ማለትም የሞተሩን ዙር የሚያስተላልፈውን ቀበቶ፣ ቀስ ብሎ በሚያዞረው ፑሌጃ (የቺንጋው መንኮራኩር) ላይ ባደርገውም ፑንታው 1400 ይዞር ነበር። 12 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብረት ሲበሳ ከ600 እስከ 700 ይበቃዋል። የእኔው ጫፉ ሰማያዊ ሆኖ ስለቱ ጠፋ። ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ያስተማርኩትን ነገር! ዙሩ በግማሽ የሚያንስ ሞተር ስቀይርለት ፍቅፋቂው እንደ ሐረግ እየተጠማዘዘ ይወጣ ጀመር።

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ስለሚፈለፈል ትራፓኖ አያሻውም። የዋንዛ ወንበር እግር ግን ቀዳዳው ከተንጋደደ ወንበሩም ይንገዳገዳል፣ ደንበኛውም።

ንብረት ለምታስወግዱ መሥሪያ ቤቶች የማቀርበው ልመና ይህ ነው፦ ማሽንን ከቆርቆሮ ጋር አትደምሩብን። “ትራፓኖ፣ 1” ብሎ ለብቻው መጻፍ ከማስታወቂያው ላይ የአንድ መስመር ቦታ ነው የሚወስደው። ሞተሩም ሳይነካ ይሸጥ። ቢቀልጥ የሚያወጣው የኪሎ ዋጋ ብቻ ነው፤ እዚህ ግን በእጅ መሰርሰሪያ ጠማማ ቀዳዳ እየበሱ የሚውሉ ወጣቶች በየሰፈሩ አሉ፤ ቢያገኙት ተሻምተው ይገዙታል።

የእኔው አሁን የጎደለው የቺንጋው መሸፈኛ ነው። ከላሜራ ቆርጬ እስክጨርስለት ድረስ የልጅ ልጆቼ ወደ መሥሪያ ክፍሌ እንዳይገቡ ከልክያለሁ። ቀይ ቁጥሩን አልፋቅሁትም።

ጡረተኛው የእንጨት ሥራ መምህር
ከጅማ