የልጆቹ ጥያቄ አባቶችም ጋ ይድረስ

ለጋዜጣው አዘጋጆች፤ ጤና ይስጥልኝ።

ጅማ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክፍሌ ጥግ ላይ አንድ ካርቶን አለ። ተማሪዎቼ በአፍ ለመጠየቅ የሚያፍሩትን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው፣ ስማቸውን ሳይገልጹ ይከቱበታል። የምጽፍላችሁ በዚሁ ጉዳይ ነው።

ጥያቄዎቹ ብዙውን ጊዜ ከጓሮ ይጀምራሉ። «ፓፓያችን ያብባል፣ ግን ለምን አያፈራም?» ወንድ ቢሆን ነዋ! የወንዱ አበባ በረጅም ዘንግ ይንዠረገጋል፤ የሴቷ ግንዱ ላይ ልጥፍ ይላል። ዘሩን አይቶ መለየት ስለማይቻል ሁለት ሦስት አድርጎ መትከል ይሻላል። «ዶሮ ያለ አውራ እንቁላል ትጥላለች?» ትጥላለች፤ ጫጩት ግን አይወጣውም።

«ቡናስ ወንድና ሴት አለው?» ይህን ለመመለስ ዝናብ ጣል አድርጎ ቡናው ሲያብብ አበባ ቀጥፈን ክፍል አስገባን። አምስት ነጭ የአበባ ቅጠል፣ አምስት የወንዴ ዘንግ፣ መሃል ላይ ጫፏ ለሁለት የተሰነጠቀ አንዲት የሴቴ ዘንግ። ሁሉም አንድ አበባ ላይ! የእኛ አረቢካ ቡና በራሱ የአበባ ዱቄት ያፈራል፤ ንብ ስትጎበኘው ደግሞ ፍሬው ይበረክታል። አበባዋ ሥር ሁለት ክፍል አለ፤ በየክፍሉ አንዳንድ ዘር። ቀዩን እሸት ስንፈለቅቅ ሁለት ፍሬ የምናገኘው ለዚህ ነው። አንዳንዴ አንደኛው ሳያድግ ይቀርና ሌላው ቦታውን ሞልቶ ድቡልቡል ይሆናል። ቡና የሚለቅሙ እናቶች ያን ድቡልቡል ፍሬ በደንብ ያውቁታል።

ብዕር ያስነሳኝ ግን ይህኛው ወረቀት ነው። «እናቴ ሴት ብቻ ስለወለደች አባቴ ሁልጊዜ ይወቅሳታል። ጥፋቱ የማን ነው?» ሳነበው አንድም ተማሪ አልሳቀም።

የማንም ጥፋት አይደለም። ጾታን ከሚወስኑት ክሮሞዞሞች (የዘር መረጃ ተሸካሚ ክሮች) የእናት እንቁላል የሚይዘው ኤክስ የተባለውን ብቻ ነው። የአባት ዘር ግን ግማሹ ኤክስ፣ ግማሹ ዋይ ይይዛል። ኤክስ የያዘው ቀድሞ ከደረሰ ሴት፣ ዋይ የያዘው ከደረሰ ወንድ ይፀነሳል። አባትም ቢሆን መርጦ አይልክም። ኔቲ ስቲቨንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ጾታ በወንዱ ዘር እንደሚወሰን በጥንዚዛ ላይ አይታ የጻፈችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ! ዛሬም «ወንድ አልሰጠሽኝም» ተብላ ትዳሯ የሚናጋ ሴት አለች። ያናድደኛል።

አንዳንድ ወላጅ «ይሄ ልጅ ፊት ይወራል እንዴ?» ይለኛል። ልጆቹማ እቤታቸው የሚሰሙትን ነው የሚጠይቁኝ።

ጋዜጣችሁ ስለ ቡና ዋጋ ይጽፋል፤ ደግ ነው። እባካችሁ ለእንዲህ ያለ ጥያቄም ጠበብ ያለች አምድ ስጡን። ልጅ ክፍል ውስጥ የተማረውን ለአባቱ ደፍሮ አይነግርም። ጋዜጣውን ግን አባትየው ራሱ ገዝቶ፣ ቡናውን እየጠጣ ያነበዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ የዚያች ልጅ ይሁን። መልሱን ከነሥዕሉ አዘጋጅቼ እልክላችኋለሁ።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከጅማ