የጀልባውን ዋጋ ነግራችሁን የሰውን ዋጋ ተዋችሁት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ? «የሰመር መዝናኛ» ብላችሁ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ ስለ ሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ የባሕር ዓሣ ማስገር ያለውን ክፍል አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ፎቶውም ያምራል። ዋጋው ላይ ግን አንባቢውን ጉድ ሠርታችሁታል። የቀን ኪራዩን «ጀልባ ከ2,800 ዶላር ጀምሮ፣ ለስድስት ሰው» ብላችሁ አለፋችሁ። አንባቢ ምን ያደርጋል? ለስድስት ያካፍላል፣ 467 ዶላር ይመጣለታል፣ «ለአንድ ቀን ነው፣ ምን አለበት» ይልና ቫይበር ላይ ግሩፕ ይከፍታል።

እስቲ አብረን እንደምረው።

በመጀመሪያ ቲፕ። በሜሪላንድ ወደቦች እንደ ልማድ የሚሰጠው ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። ይኼ በግድ ነው ወይ የሚል አይጠፋም። በሕግ አይደለም። ግን ቀኑን ሙሉ መንጠቆ የሚያስርላችሁ፣ ያስመለሳችሁትን የሚያጥብ፣ ዓሣውን ጎትቶ የሚያስገባላችሁ ረዳት አብዛኛውን ገቢውን የሚያገኘው ከዚያ ነው። ስለዚህ በ20 በመቶ 560 ዶላር ጨምሩ። 3,360 ሆነ። ለስድስት ሲካፈል 560።

ቀጥሎ መኝታ። ቱና ፍለጋ የሚወጣ ጀልባ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነሣው፣ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ግድም። ከዲሲ አካባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ፣ እዚያ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ያህል መንዳት አለ። እንግዲህ ወይ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ እንቅልፍ ሳያገኙ ባሕር መግባት ነው (ለማቅለሽለሽ ከዚህ የተሻለ ዝግጅት የለም)፣ ወይ ሆቴል መያዝ ነው። በሰመር ቅዳሜና እሑድ ኦሽን ሲቲ ሆቴል ስንት እንደሚል የጠየቀ ያውቀዋል። ለሁለት ክፍል 500 ዶላር ብትመድቡ አልበዛም። ቤንዚን፣ የቤይ ብሪጅ ድልድይ ማለፊያ ክፍያ፣ ምግብና ውሃ፣ በረዶ፣ ወደብ ላይ ዓሣውን ለሚበልትላችሁ ሰው ደግሞ እንደ ክብደቱ የሚከፈል። በሰው 700 ዶላር ደረሰ። ከ467 ተነሥተን 700። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፣ ለስንቱ ሰው የሳምንት አስቤዛ ከነምናምኑ ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ካፒቴኖቹ ዘራፊዎች ናቸው እያልኩ አይደለም። ቱናውና ማርሊኑ (አፈ ሹሉ ትልቅ ዓሣ) ያለው ባሕር ዳር አይደለም። ባልቲሞር ካንየን የሚባለው ቦታ ከባሕር ዳርቻው 60 ማይል አካባቢ ይርቃል፤ የባሕሩ ወለል ድንገት ወደ ገደል የሚወርድበት ነው፣ ዓሣውም እዚያ ነው የሚሰበሰበው። ደርሶ መልስ 120 ማይል፣ በመሃል ደግሞ ሞተር ሳይጠፋ መንጠቆ እየጎተቱ ለሰዓታት መዞር አለ። ትልቁ ጀልባ በአንድ ቀን ከ200 ጋሎን በላይ ናፍጣ ሊጠጣ ይችላል። በዚያ ላይ ኢንሹራንሱ፣ የወደብ ኪራዩ፣ የሞተሩ ጥገና አለ፤ የብርዱን ወራት ደግሞ ያለ ሥራ ይቆማል። ስለዚህ 2,800ው ለጀልባው ባለቤት ብዙም አያተርፍም፣ ለኛ ግን ብዙ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

የስድስት ሰው ነገር ደግሞ የካፒቴኑ ፍላጎት አይደለም። የኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) ሕግ ነው። በእነሱ ያልተመረመረ ትንሽ ጀልባ ከስድስት በላይ ከፋይ ተሳፋሪ መጫን አይችልም። «ሰባተኛ ሰው አለን፣ ቀጭን ነው፣ እናስገባው» የሚባል ነገር አይሠራም። ሕፃንም ይቆጠራል።

ጽሑፋችሁ በአንድ መስመር ያለፈውና እኔ ዋናው ነው የምለው ሌላው ዓይነት ጀልባ ነው። እነዚህ ጀልባዎች ልክ እንደ አዲስ አበባ ታክሲ ናቸው፣ ኮንትራት አለ፣ በሰው የሚጭን አለ። በሰው የሚጭነው ትልቅ ነው፣ በርካታ ሰው ይይዛል፣ ማንም ትኬቱን ገዝቶ ይገባል። ግማሽ ቀን ከ60 እስከ 100 ዶላር አካባቢ፣ ቀኑን ሙሉ ከሆነ 150 ግድም። የማጥመጃ ዘንግ ከሌላችሁ በጥቂት ዶላር ይከራያል፣ መንጠቆው ላይ የሚሰካው ምግብ ብዙውን ጊዜ ከዋጋው ጋር ነው። የማጥመድ ፈቃድም በጀልባው ይሸፈናል። ቱና አይገኝበትም፣ እውነት ነው። የሚገኘው ብላክ ሲ ባስና ፍላውንደር የመሳሰለው አነስ ያለ ዓሣ ነው። ግን ለድስት ከቱና የተሻለ ነው ባይ ነኝ፤ ጥብሱም ዱለቱም ያምርበታል። ሰው ቢቀርባችሁም የምትከስሩት የእሱን ትኬት ብቻ ነው።

ሰው መቅረት ስል፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ዋናው ነገር እሱ ነው።

የኛ ሰው ሒሳብ ሲመጣ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ምግብ ቤት ውስጥ «አፈር ስሆን እኔ ልክፈል» እየተባለ ይታገላል። የጀልባ ኪራይ ላይም እንደዚያው ነው፣ ግሩፑ ውስጥ አንዱ ቀልጠፍ ይልና ካርዱን ይሰጣል፣ «በኋላ ዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) ታደርጉልኛላችሁ» ይላል። ቀብዱ ይከፈላል። አንዳንዱ ጀልባ ግማሹን ነው በቀብድ የሚቀበለው። ከዚያ ቀኑ ሲቀርብ አንዱ ፈረቃ ተቀየረብኝ ይላል፣ ሌላው ልጄን አተኮሰው ይላል። ልጅ አተኮሰው ያለን ሰው ገንዘብ መጠየቅ ይከብዳል! ካፒቴኑ ግን አይከብደውም። ጀልባው የተከራየው በሙሉ ነው፣ አራት ሰው ገባ ስድስት ያው ነው። እኔ ባለሁበት አንድ ጊዜ ስድስት ሆነን ተመዝግበን አራት ሆነን ነው የተነሣነው፣ ካርዱን የሰጠው ልጅ ሒሳቡን በአራት ሲያካፍል ፊቱን ማየት ይበቃል። የቀሩትን እስከ ዛሬ አልጠየቃቸውም። ይሉኝታ ነው። በዓመቱ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ «ዘንድሮስ አንሄድም ወይ?» ብሎ ግሩፑ ላይ ጻፈ። ማን እንደመለሰለት እንጃ፣ እኔ አልመለስኩም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ካርዱ ከመሰጠቱ በፊት የሁሉም ድርሻ፣ ቲፑንም ጨምሮ፣ አንድ ሰው እጅ ይግባ። ያልከፈለ አልተመዘገበም። ዕቁብ ስንጥል እንዲህ እናደርግ የለ? እዚያ ማንም አይቀየምም።

ስለ መሰረዝም አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አለ። ነፋስና ማዕበል ሲኖር አልወጣም ብሎ የሚወስነው ካፒቴኑ ነው፣ ያን ጊዜ ብዙዎቹ ቀብዱን ይመልሳሉ ወይ ሌላ ቀን ይሰጣሉ። እናንተ ሰማዩን አይታችሁ ፈርታችሁ ከቀራችሁ ግን ገንዘቡ ሄደ። ሁለት ሰዓት ከተጓዛችሁ በኋላ አንዱ ጓደኛችሁ ታሞ «መልሱኝ» ቢልም ሙሉውን ትከፍላላችሁ። የባሕር ሕመም መድኃኒት ፋርማሲ ውስጥ ያለ ማዘዣ ይገኛል፣ ጀልባው ላይ ሆድ ከታመሰ በኋላ ሳይሆን ከመነሣት በፊት ነው የሚዋጠው። ከጀልባው ላይ ርካሹ ነገር እሱ ነው፣ የሚረሳውም እሱ ነው።

«ዓሣውን ለምግብ ቤት ሸጠን ገንዘባችንን እናወጣለን» የሚሉም አጋጥመውኛል። አይቻልም። ተሳፋሪ ለመዝናናት የያዘውን ዓሣ መሸጥ ክልክል ነው። የሎውፊን የሚባለው የቱና ዓይነት ራሱ በሰው በቀን ከ3 በላይ አይያዝም። ደግሞ ሁሉም ቦታ ዓሣው የናንተ ነው ማለት አይደለም። ሃዋይ ውስጥ በብዙ ጀልባዎች ላይ ዓሣው የጀልባው ነው፣ ለተሳፋሪ የሚደርሰው የተወሰነ ሥጋ ነው። ሃዋይ ለዕረፍት የምትሄዱ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። በሜሪላንድ በኩል በአብዛኛው የያዛችሁትን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ዓሣ ብቻ የፈለገ ሰው ደግሞ ዲሲ ሜይን አቬኑ የዓሣ ገበያ ይሂድ። በፓውንድ ካሰባችሁት ከባሕር ያመጣችሁት ቱና የዓለም ውዱ ቱና ነው። የምትከፍሉት ለቀኑ ነው። የማጥመጃው ክር ድንገት ሲንጫጫ፣ ሁሉም ሰው ሲጮህ፣ ክንዳችሁ እስኪዝል ስትጎትቱ፣ ያኔ 700ው ለጊዜው ይረሳል። ወደብ ላይ ረዳቱ ቢላውን አከርካሪው ላይ አሳልፎ ቱናውን አራት ቦታ ሲከፍለው ማየት ራሱ አንድ ትርኢት ነው። ሥጋው ቀይ ነው፣ አንዱ ጓደኛችን ወዲያው ሚጥሚጣ ከኪሱ አወጣ። ጀልባ ላይ ሚጥሚጣ ይዞ የሚመጣ ሰው ያለው እኛ ጋ ብቻ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ለጾመኞች አንድ ነገር። ቱናውም ማርሊኑም የሚደምቀው በፈረንጆች ኦገስት ነው፣ ከ1974 ጀምሮ የሚካሄደው የዋይት ማርሊን ኦፕን የዓሣ ማጥመድ ውድድርም ያኔ ነው። ይኼ እኮ ፍልሰታ ነው! ከነሐሴ 1 እስከ 15። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼ፣ በውድድሩ ሳምንት ሆቴሉም መኪና ማቆሚያውም ጣራ ይነካል፣ ወደቡም ይጨናነቃል። ሰው ሁሉ የሚጎርፈው ለሽልማቱ ነው፣ ሽልማቱ ደግሞ በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። በ2016 አሸናፊ የተባለው ሰው ለአሸናፊዎች የሚሰጠውን የውሸት መመርመሪያ ፈተና ማለፍ አቅቶት 2.8 ሚሊዮን ዶላሩን ተከልክሏል፣ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶም አልቀናውም። እናም የማትጾሙም ብትሆኑ ያንን ሳምንት ዝለሉት። ሴፕቴምበር ላይ ቱናው ገና አለ፣ ሆቴሉ ቀንሷል፣ እንቁጣጣሽም ይሆናል።

አዘጋጆች፣ በሚቀጥለው ስትጽፉ ሦስት ነገር ለየብቻ አውጡልን፦ የጀልባውን ዋጋ፣ ቲፑንና መኝታውን ጨምሮ በሰው የሚደርሰውን፣ ቀብዱ የሚመለስበትንና የማይመለስበትን ሁኔታ። በሰው የሚጭኑትን ጀልባዎች ደግሞ ከላይ አድርጓቸው እንጂ ከታች አትወርውሯቸው። ስልክ ቁጥራቸውንም ጨምሩ፣ ድረ ገጻቸው ላይ ያለው ዋጋ አንዳንዴ የአምናው ነው።

አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ