ኢንሹራንስ ሳትገባ ያን መጋዝ እንዳታስነሳ (ደብዳቤ ለልጄ)

ልጄ፣ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የድሬ ሙቀት ነው ትንሽ የበረታብን። እህትህ ሰላም ትልሃለች። ስልክ ላይ እንዳልጮህብህ ብዬ ነው በጽሑፍ ያደረግኩት፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

አክስትህ ትናንት ማታ ከሐረር ደወለች። እንጨት ቤትህ ውስጥ መጋዙ ላይ የሚረዳህ ልጅ ሁለት ጣቱ ተቆረጠ አለችኝ። በጨርቅ ጠቅልለህ፣ ባጃጅ ላይ አሳፍረህ ወደ ቤቱ ሰደድከው፤ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የወሰደችው እናቱ ናት አለችኝ። እውነት ነው? ደም ስታይ እንደምትደነግጥ ከልጅነትህ አውቃለሁ። በዚያ አልፈርድብህም። ግን አሁን አሠሪ ነህ። የተጎዳን ሠራተኛ በጊዜ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጥቶ፣ በተገቢ መጓጓዣ ቅርብ ወዳለው ሕክምና ማድረስ የአንተ ግዴታ ነው። ደግነት ሆኖ አይደለም፤ ሕግ ነው።

ዛሬ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ኢንሹራንስ ሳትገባ ያን መጋዝ እንዳታስነሳ። ትእዛዝ አለብኝ፣ የሙሽራ ቁምሳጥን ነው፣ ቀን ተቆርጦበታል ትለኛለህ። ይቆይ። ሙሽራዋ ትጠብቅ።

«እጁን ራሱ ነው የከተተው» ብለሃታል አክስትህን። ይህንን ሁለተኛ ከአፍህ እንዳልሰማ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የማን ጥፋት ነው ብሎ አይጀምርም። ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ከተጎዳ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የሚለየው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው፤ ለምሳሌ በግልጽ የተነገረውን የጥንቃቄ መመሪያ ሲጥስ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ጠጥቶ ሲገባ። ያ ልጅ ጠጥቶ ነበር? አልነበረም። የጥንቃቄ መመሪያ ሰጥተኸው ነበር? የመጋዙን መከለያ «ሥራ ያጓትታል» ብለህ ያወለቅከው አንተ ራስህ አይደለህም? በፋሲካ ስመጣ ጥግ ላይ ተጥሎ አይቼዋለሁ። ጉዳቱ በአሠሪው ጥፋት የመጣ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው ከአዋጁ ካሳ በተጨማሪ በሌላው ሕግ መጠየቅ ይችላል። ሁለትና ሦስት ሠራተኛ ነው ያለኝ ማለትም አያወጣህም። ግዴታው ለትልቁ ፋብሪካም ለአንተም አንድ ነው። መከለያውን ዛሬውኑ ግጠመው።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣና አብረን እንደምር። ልጁ በወር 6,000 ብር ያገኛል እንበል። በጉዳቱ ሥራ መሥራት እስካልቻለ ድረስ፣ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን ትከፍላለህ፤ 18,000 ብር። ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፤ 13,500 ብር። ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ፤ ሌላ 18,000 ብር። ዓመቱን ሙሉ ካልዳነ 49,500 ብር ሆነ። ሕክምናውና መድኃኒቱ ለብቻ ነው። ቋሚ ጉዳት ቀርቶበት እንደሆነ የሕክምና ቦርድ አይቶ በመቶኛ ይወስናል። ጡረታም ኢንሹራንስም ያልገባ ሠራተኛ ጨርሶ ሥራ መሥራት ካልቻለ፣ አሠሪው የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ በአንድ ጊዜ ይከፍላል። የዚህ ልጅ የዓመት ደመወዝ 72,000 ነው፤ በአምስት 360,000 ብር። ጉዳቱ በከፊል ከሆነ በመቶኛው ልክ ይሰላል። ቦርዱ 20 በመቶ ቢል 72,000 ብር ነው። አለህ? የመጋዙን የባንክ ዕዳ እንኳ ገና አልጨረስክም።

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታስ? ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአንተ 11 በመቶ በየወሩ መግባት አለበት። ባለፈው ስጠይቅህ «ገና አነስተኛ ነን» ብለህ አለፍከኝ። በዚህም ላይ ቁጭ ብለን እናወራለን።

አባዬ፣ የአባትህን ቀኝ እጅ ታውቀዋለህ። ልጅ እያለህ ጉንጭህን ሲዳብስ «ለምን አጠረ?» እያልክ ስትጠይቀው፣ «ሥራ በላው» ብሎ ያልፍ ነበር። ሙሉውን ነግሮህ አያውቅም። ነፍሱን ይማረውና፣ ያንን ሰው በክፉ ማንሳት አይወድም ነበር። እኔም በክፉ አላነሳውም፤ ግን ማወቅ አለብህ።

አባትህ ለገሃሬ አካባቢ ትንሽ እንጨት ቤት ውስጥ ነበር የሚሠራው። ባለቤቱ መልካም ሰው ነው። ለእህትህ ክርስትና አባት ሆኗታል። በዓል ሲሆን ቤታችን ሳይመጣ አይውልም። ለቁልቢ አብረን እንሄድ ነበር። ሦስት ጣቱ የተቆረጠ ቀን ሰውየው ራሱ ተሸክሞት ነው ሆስፒታል የሮጠው። ሸሚዙ በደም ርሶ፣ እያለቀሰ ከደጄ ቆመ። «እኔ እያለሁ እናንተ አትቸገሩም» አለኝ። ከልቡ ነበር ያለው። ዛሬም ከልቡ እንደነበር አምናለሁ።

የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ አመጣ፤ ስኳርና ወተትም ጨምሮ። በሁለተኛው ወር ግማሹን አመጣ። በሦስተኛው ወር ልጁን ላከ፤ ትንሽ ብር በፖስታ። ከዚያ ማንም አልመጣም። አልከዳንም፤ አልቆበት ነው። አንዱን ማሽን ለሕክምናው ሸጠው። ማሽኑ ሲሄድ ሥራው ቀነሰ፤ ሥራው ሲቀንስ የቀሩትን ሠራተኞች አሰናበተ፤ በመጨረሻ ቤቱ ተዘጋ። ከአባትህ ጋር የነበሩት ሁሉ ተበተኑ። ቃሉ ኪሱን ያህል ነበር፤ ኪሱ ደግሞ ትንሽ ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ አይደለም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ መተያየት አቃታቸው። ከዚራ መንገድ ላይ አባትህ ሲመጣ ካየ ሰውየው ይሻገራል። አባትህም እንዳያሳፍረው አንገቱን ያዞራል። ክስ እንመሥርት ስለው «የልጄን ክርስትና አባት ፍርድ ቤት አልገትረውም» አለኝ። እህትህ ስታገባ ክርስትና አባቷ አልመጣም። አባትህ ወንበሩን ክፍት አድርጎ ሲጠብቀው ዋለ። እንዲህ የሚዋደዱ ሰዎች ለሦስት ጣት ሲሉ ተቆራርጠው ቀሩ። አንዱም ጥፋተኛ አልነበረም። በመሃላቸው አንድ ወረቀት ጎድሎ ነው።

እኔ ፋብሪካ የገባሁት ያኔ ነው፤ እናንተን ለማብላት። ፐርሶኔል፣ የሠራተኞች ጉዳይ ክፍል፣ አስገቡኝ። የአደጋ ሪፖርት መሙላት ሥራዬ ሆነ። እዚያ ያየሁት ሌላ ነው። ሠራተኛ ይጎዳል፣ ይታከማል፣ ቦርድ ይቀርባል፣ ኢንሹራንሱ ይከፍላል። አለቃውና ሠራተኛው ግን ተመልሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ይጠጣሉ። ማንም ለማንም ባለ ዕዳ አልነበረም። ቅጹን በሞላሁ ቁጥር አባትህ ትዝ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ ኢንሹራንስ ሳትገባ መጋዙን እንዳታስነሳ።

አገባቡ ከባድ አይደለም። የሠራተኞች የጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ እፈልጋለሁ በላቸው። የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም የግሎቹም አላቸው፤ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቀህ አወዳድር። ምን ዓይነት ሥራ ነው፣ ስንት ሠራተኛ አለህ፣ የዓመት ደመወዛቸው ተደምሮ ስንት ነው ይሉሃል። አረቦኑ፣ ለኢንሹራንሱ የምትከፍለው ማለቴ ነው፣ የሚሰላው ከጠቅላላ ደመወዙ ላይ በመቶኛ ነው። መቶኛው በሥራው አደገኛነት ይለያያል። መጋዝ የሚነካ ሰውና ቢሮ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው እኩል አይታዩም። ለዚህ ነው ማን ምን እንደሚሠራ ለይተህ መጻፍ ያለብህ። መጀመሪያ የምታስመዘግበው ደመወዝ ግምት ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ በእውነት ከከፈልከው ጋር ይተያያል። ካነሰ ትጨምራለህ፤ ከበለጠ ይስተካከልልሃል።

እዚህ ላይ ብልጥ ልሁን እንዳትል። አረቦን ለመቀነስ ብለህ 6,000 የሚያገኘውን 2,000 ብለህ እንዳታስመዘግብ። ካሳው በተመዘገበው ልክ ነው የሚመጣው፤ የቀረው ከኪስህ ይወጣል። የቀን ሠራተኞቹንም አስገባ። እንጨት ሲራገፍ ከመንገድ የምትጠራቸውን ማለቴ ነው። የአክስትህንም ልጅ። «እሱ ዘመድ ነው፣ ኪስ ገንዘብ ነው የምሰጠው» ትላለህ፤ መጋዙ ዘመድ አያውቅም። ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ ከሌለ ለኢንሹራንሱ የለም ማለት ነው። አዲስ ሰው ስትቀጥርም ዓመቱ እስኪያልቅ አትጠብቅ፤ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ አሳውቅ።

ውሉን ሳታነብ አትፈርም። ለሕክምና የሚከፍሉት ጣሪያው ስንት ነው? አዋጁ የሚለውን ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ ወይስ በአንተ ጥፋት ተከስሰህ የሚፈረድብህንም? ዕቃ ልታደርሱ፣ ልትገጥሙ ሰው ቤት ስትሄዱስ? ጀልዴሳ ድረስ በር ልትገጥሙ ሄዳችሁ የለ። ይህንን ሁሉ ጠይቃቸው፤ መልሱን ከውሉ ላይ ያሳዩህ። አደጋ ሲደርስ በስንት ቀን ማሳወቅ እንዳለብህም እዚያው ተጽፏል። ቀኑ ካለፈ መከራከሪያ ትሰጣቸዋለህ። የሐኪም ማስረጃ፣ የሆስፒታል ደረሰኝ፣ የፈረሙበት የደመወዝ ሊስት፣ እነዚህን አንድ ፋይል ውስጥ አድርግ። ደመወዝ ስታስፈርም በብጣሽ ወረቀት መሆኑን ተው። ደብተር ግዛ።

አንድ የሰማሁት ነገር አለ፤ ስጽፈው እጄ ይንቀጠቀጣል። ጓደኛህ «ኢንሹራንሱን አሁን ግባና የአደጋውን ቀን ወደ ፊት ገፋ አድርገህ አስጽፍ» ብሎሃል አሉ። እንዳታደርገው! ማጭበርበር ነው፤ ያስከስሳል። ሆስፒታሉ ካርድ ላይ ቀኑ ተጽፏል። ኢንሹራንስ ውሉ ከጀመረበት ቀን በኋላ ለሚደርስ አደጋ ነው። ለዚህኛው ልጅ አይደርስም። የዚህኛው ልጅ ካሳ የአንተ ዕዳ ነው፤ ከአንተ ኪስ ነው። ከአቅምህ በላይ ከሆነ እኔ አለሁ። ለቁጠባ ማኅበሩ ያስቀመጥኩት አለ፤ የአባትህም የእጅ ሰዓት አለ። እናቱን ግን «እኔ እያለሁ አትቸገሩም» እንዳትላት። ከልብህ ቢሆንም እንዳትላት። በየወሩ ስንት፣ በየትኛው ቀን፣ እስከ መቼ እንደምትከፍል ጽፈህ፣ ፈርመህ ስጣት።

አደጋውንም መዝግበህ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎቹ አሳውቅ። ይቀጡኛል ብለህ አትሸሽ። ሲመጡ መከለያው ተገጥሞ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ልጆቹ መነጽር አድርገው ያግኙህ። ማብሪያ ማጥፊያውም ከመጋዙ ራቅ ብሎ እንደተሰቀለ አይቻለሁ፤ ሠራተኛው ቆሞ በእጁ የሚደርስበት ቦታ አዙረው።

እየበላህ ነው? አክስትህ ከሳ አለችኝ። ስትደነግጥ ምግብ እንደምትተው አውቃለሁ። በጠዋት ፉል እንኳ ብላና ውጣ። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ካለህ ደውልልኝ፤ እኔም አልተኛሁም። የሰው ልጅ እጅ አጠገብህ ሲቆረጥ ማየት ቀላል አይደለም። አባትህ ቢኖር አቅፎህ ነበር። እኔም አቅፍሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ያንን የደመወዝ ሊስት አምጣ እልሃለሁ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ፤ ጉልበቴ ስላመመኝ ሸዋ በር ወርደህ ተቀበለኝ። መጀመሪያ የልጁ ቤት አብረን እንሄዳለን። ባዶ እጄን አልገባም፤ ለእናቱ ቡና ከቀፊራ ገዝቻለሁ። ከዚያ ሠራተኞችህን በሙሉ፣ የአክስትህንም ልጅ ጨምረህ፣ ስማቸውን፣ ሥራቸውንና ደመወዛቸውን ጽፈህ ጠብቀኝ። ሰኞ ኢንሹራንስ ቢሮ ይዘነው እንገባለን። እስከዚያ መጋዙ እንደቆመ ይቆይ፤ ሶኬቱን ንቀለው።

እናትህ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን