ሼሁን ለመድረክ ማሟሟቂያ ብቻ አንጥራቸው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የሥነ ጽሑፍ ጉባኤዎች ደሴ ድረስ መምጣታቸው፣ ስማቸውን ከመጽሐፍ ሽፋንና ከሬዲዮ ብቻ የምናውቃቸውን ደራሲያን፣ ሠዓሊያንና ምሁራን ፊት ለፊት እንድንጠይቅ ዕድል ስለሰጠን ከልብ ያስደስተኛል። ቅሬታዬ በእንግዶቹ ላይ ሳይሆን በመድረኩ አከፋፈል ላይ ነው።

በቅርቡ በከተማችን በተካሄደ አንድ ዝግጅት ላይ ከአዲስ አበባ የመጡት ተናጋሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ያህል ተሰጥቷቸው ስለ ግጥም፣ ስለ ሥዕልና ስለ አገር በቀል ዕውቀት ሲናገሩ፣ በዕድሜ ሁሉንም የሚበልጡት የመንዙማ አዋቂ ግን «ሼህ፣ መድረኩን ያሟሙቁልን» ተብለው አምስት ደቂቃ ብቻ አገኙ። ድቤው ተመታ፤ አዳራሹ አዝማቹን ተቀበለ፤ ጭብጨባው ሳይበርድ መድረክ መሪው አመስግኖ አስቀመጣቸው። ስለ አገር በቀል ዕውቀት የተደረገውን ንግግር ከፊት ወንበር ሆነው በጥሞና ሲያዳምጡ አየኋቸው። ወደ እሳቸው ዞሮ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ዝግጅቱ እንዳበቃ በር ላይ ጥቂት ወጣቶች ከበቧቸው፤ እኔም ተጠጋሁ። ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ደብተር አውጥተው በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ግጥም አሳዩን። አጀሚ የሚባለው ይህ አጻጻፍ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈርን የመሳሰሉ የወሎ ሊቃውንት ሕዝቡን በሚሰማው ቋንቋ ያስተማሩበት ነው። ሼሁ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አስረዱን። አማርኛ ሰባት አናባቢ ሲኖረው የዓረብኛው አጭር አናባቢ ምልክት ሦስት ነው፤ እንደ ጨ እና ኘ ላሉት ድምፆችም ፊደል ስለሌለ ጸሐፊው ወይ ነጥብ ይጨምራል፣ ወይ ቅርብ የሆነውን ፊደል ይዋሳል። በዚህ የተነሳ አንድ ቃል ሁለትና ሦስት ዓይነት ሊነበብ ይችላል፤ ትክክለኛውን ለይቶ የሚያወጣው ግጥሙን በቃሉ የያዘ ሰው ነው። ደብተሩ ለሚያውቀው ማስታወሻ እንጂ ለማያውቀው መማሪያ አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። በዕለቱ ከሰማሁት ሁሉ ይህ የበር ላይ ገለጻ ይበልጥብኛል፤ የቀዳው ግን የለም።

እነዚህ አባቶች ሲያልፉ ደብተሮቻቸው ሣጥን ውስጥ ቢቀመጡም በትክክል የሚያነባቸው አይገኝም። የቅኔ መምህራኖቻችንም ነገር ከዚህ አይለይም። ከአራቱ የአገራችን ሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ በወሎዎቹ አካባቢዎች በአምባሰልና በባቲ ስም የሚጠሩ ሆነው ሳለ፣ ማሲንቆ ተጫዋቹን «ተጫወት» ከማለት አልፈን አምባሰልን ከባቲ የሚለየው ምን እንደሆነ በመድረክ ላይ እንዲያስረዳ የጠየቅነው መቼ ነው?

ስለዚህ አዘጋጆቹን የምለምነው በሚቀጥለው ጉባኤ ከእንግዶቹ እኩል አንድ ሙሉ ሰዓትና እኩል አበል ለእነዚህ አዋቂዎች እንዲመደብ ነው። ንግግር ማድረግ ያልለመዱ ቢኖሩ ግጥሙን የሚያውቅ ወጣት አጠገባቸው ተቀምጦ እየጠየቀ ያጫውታቸው። ንግግሩ በድምፅና በምስል ይቀዳ፤ እንደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት ቅጂውን ይረከቡ፤ ጋዜጣችሁም የተመረጠውን ክፍል ያትምልን። የተቀዳውን ወደ ግዕዝ ፊደል በመገልበጥ ሥራ እኔ ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ፤ በዚያ በር ላይ ቆመው ሲጠይቁ ከነበሩት ወጣቶችም ሁለቱ አብረውኝ ለመሥራት ቃል ገብተውልኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከደሴ